የአንድ ቃል ዘር ማንዘር እንዴት ይቆጠራል? «ልብ» በአውሮፓ ቋንቋዎች

ሆስፒታል ገብታችሁ «ካርዲዮሎጂ» የሚል በር አይታችሁ ይሆናል። የልብ ሐኪም ክፍል ነው። «ካርዲያ» በግሪክኛ ልብ ማለት ነው። ጀርመን አገር የኖረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት፤ ልብ «ሄርትስ» ነው ይላችኋል። ሩሲያ ተምሮ የመጣ ሰው ደግሞ «ሴርትሴ» ይላል። ሦስቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ባዳ ይመስላሉ። ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይኼን የምናውቀው በግምት አይደለም፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያጣራው በሚችል መንገድ ነው።

ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። አንድ ቃል ይዘን ከአውሮፓ ጫፍ እስከ ጫፍ እንሄዳለን። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶና ኢንተርኔት ያለው ስልክ ነው። ቋንቋዎቹን መናገር አይጠበቅባችሁም። ትዕግሥት ግን የግድ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ትልቁ ጠላት ችኮላ ነው፤ ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ «አገኘሁት!» ብሎ መነሳት።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በሌሎች ቃላትም ላይ እየተደጋገመ የሚመጣ የድምፅ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ በራሳችን ቤት እንሞክረው

ደብተራችሁ ላይ «ልብ» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ዘመዶቹን ደርድሩ። ግዕዝ፦ ልብ። ትግርኛ፦ ልቢ። ዕብራይስጥ፦ ሌቭ፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየዘፈኑ የሚሰሙት ቃል ነው። በጥንት ዘመን ሜሶፖታሚያ ውስጥ ይነገር የነበረው አካድኛ ደግሞ «ሊቡ» ይላል። ድርድሩ ያምራል።

አሁን ዐረብኛን ጨምሩ። ዐረብ አገር የሠራ ሰው ብትጠይቁ ልብ «ቀልብ» ነው ይላችኋል። ድርድሩ ተበላሸ? አልተበላሸም። ዐረብኛ «ሉብ» የሚል ቃልም አለው፤ የፍሬ ውስጠኛው ክፍል፣ አስኳል፣ ከዚያም አልፎ አእምሮ ማለት ነው። ዘመዱ ቤት ውስጥ አለ፤ ሥራ ቀይሮ ነው እንጂ።

ሌላም አለ። አማርኛ ራሱ «ቀልብ» ይላል። ቀልቤን ሳበው፣ ቀልቡ ተገፈፈ እንላለን። ይኼኛው ከዐረብኛ የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ አማርኛ ውስጥ ሁለት ልብ አለ፤ አንዱ ከአያት የወረስነው፣ አንዱ ከጎረቤት የተዋስነው። ይኼን ልዩነት ልብ በሉ፤ አውሮፓም ውስጥ በየቤቱ ያጋጥመናል።

ቃል ስትመርጡ

ቃሉ ጥንታዊና የየዕለት ይሁን። የሰውነት ክፍል፣ ቁጥር፣ እናትና አባት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ሌሊት። እነዚህን ሰው ከጎረቤት የሚዋሰው ከስንት አንዴ ነው።

በንግድ በሚዞር ዕቃ ስም ግን አትጀምሩ። ቡናን ተመልከቱ። ጣልያንኛ ካፌ፣ ጀርመንኛ ካፌ፣ ሀንጋሪኛ ካቬ፣ ፊንላንድኛ ካህቪ። ቁርጥ መንትዮች ናቸው፤ ግን የሥጋ ዘመዶች ሆነው አይደለም። የዐረቦች «ቀህዋ» በቱርኮች አፍ «ካህቬ» ሆነና ከዕቃው ጋር አብሮ ተጓዘ። እንዲያውም ከልክ ያለፈ መመሳሰል ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል፤ ሺህ ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ወንድማማቾች መልካቸው መለወጡ አይቀርም።

ማን የማን ወገን እንደሆነ እወቁ

እ.ኤ.አ. በ1786 ዊሊያም ጆንስ የተባለ የብሪታንያ ዳኛ ካልካታ ላይ ንግግር አደረገ። የሕንዱ ሳንስክሪት፣ ግሪክኛና ላቲን በግሥም በሰዋስውም ከመመሳሰላቸው የተነሳ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ መሆን አለባቸው፣ ምንጩም ምናልባት ዛሬ በሕይወት የለም አለ። ያ ሐሳብ ዛሬ ኢንዶ-አውሮፓዊ የምንለው ቤተሰብ ጥናት መነሻ ሆነ።

አውሮፓ ውስጥ የቤተሰቡ ቅርንጫፎች እነዚህ ናቸው። ጀርመናዊ የሚባሉት፤ እንግሊዝኛ፣ ሆላንድኛ፣ ጀርመንኛ፣ ስዊድንኛና ጎረቤቶቻቸው። የላቲን ልጆች፤ ጣልያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ሮማንያኛ። የስላቭ ወገን፤ ሩሲያኛ፣ ፖላንድኛ፣ ቼክኛ፣ ሰርብኛ። የባልቲክ ወገን፤ ሊትዌንኛና ላትቪያኛ። የኬልት ወገን፤ አየርላንድኛ፣ ዌልስኛ፣ ብረቶንኛ። ግሪክኛ፣ አልባንኛና አርመንኛ ደግሞ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አንድ አንድ ቅርንጫፍ ናቸው።

ቤተሰቡ ውስጥ የሌሉትንም ለይታችሁ ጻፉ። ፊንላንድኛ፣ ኢስቶንኛና ሀንጋሪኛ የሌላ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ባስክኛ ዘመድ አልተገኘለትም። ማልታ ላይ የሚነገረው ማልትኛ ደግሞ፣ የሚገርማችሁ፣ የእኛው ወገን ሴማዊ ነው። እዚያ ልብ ስትሉ «ቀልብ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲያወሩ ግን ቀዋን ጉሮሮ ውስጥ ውጠው «አልብ» ይላሉ።

ሰብስቡ፤ ሳትፈርዱ

ገጹን በአምስት ረድፍ ክፈሉት። ቤተሰብ፣ ቋንቋ፣ ቃሉ በራሱ በቋንቋው ፊደል፣ አነባበቡ በእኛ ፊደል፣ ጥንታዊ ቅርጹ። የመጨረሻውን ረድፍ ለጊዜው ባዶ ተዉት። ሦስተኛውን ረድፍ ደግሞ አትዝለሉት። የእኛ ፊደል ለአነባበብ ግሩም ነው፤ ግን ሁሉን አይይዝም። ለምሳሌ የ«ሄርትስ» መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ ለብቻው ፊደል የለውም። ጸን አትጠቀሙ፤ ጸ ፈንድቶ የሚወጣ ድምፅ ነው፣ ያኛው አይፈነዳም። ስለዚህ «ትስ» ብላችሁ ጻፉ።

ቃላቱን ለመሰብሰብ የእንግሊዝኛው ዊክሽነሪ (የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው) ላይ የልብን ገጽ ክፈቱ። ከታች የትርጉም ሳጥን አለ፤ እዚያ በብዙ ቋንቋ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። እኔ ደብተሬ ላይ ያለውን ልገልብጥላችሁ።

ከጀርመናዊው ወገን፤ እንግሊዝኛ ሃርት፣ ሆላንድኛ ሃርት፣ ጀርመንኛ ሄርትስ፣ ስዊድንኛ ዬርታ፣ አይስላንድኛ ህያርታ። ከላቲን ልጆች፤ ጣልያንኛ ኩዎሬ፣ ፈረንሳይኛ ከር፣ ስፓኒሽ ኮራሶን፣ ፖርቱጋልኛ ኮራሳውን፣ ሮማንያኛ ኢኒማ። ከስላቭ፤ ሩሲያኛ ሴርትሴ፣ ፖላንድኛ ሴርትሴ፣ ሰርብኛ ስርትሴ፣ ቼክኛ ስርድትሴ። ከባልቲክ፤ ሊትዌንኛ ሺርዲስ፣ ላትቪያኛ ሲርድስ። ከኬልት፤ አየርላንድኛ ክሪ፣ ዌልስኛ ካሎን፣ ብረቶንኛም ካሎን። ግሪክኛ ካርዲያ። አርመንኛ ሲርት። አልባንኛ ዜመር።

ቼክኛውን አንዴ ቆም ብላችሁ እዩት። እስከ መጨረሻው ድረስ አናባቢ የለውም፤ «ረ» ራሷ ድልድይ ሆና ታሻግራለች። ብዙ ሰው በላቲን ፊደል ሲያየው ግራ ይገባዋል። በሳድስ ስንጽፈው ግን ለእኛ ዓይን እምብዛም አይከብድም።

አያቶቹን ፈልጉ

የዛሬው ቅርጽ ይደብቃል። ስዊድኖች ቃሉን ሲጽፉ መጀመሪያው ላይ «ህ» አለ፤ ሲናገሩት ግን የለም። ሩሲያኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ድ» አለ፤ ሲነበብ ግን ይዋጣል፣ ለዚህ ነው «ሴርትሴ» ያልነው። ስለዚህ አምስተኛውን ረድፍ አሁን ሙሉት። ዊክሽነሪ ላይ የእያንዳንዱን ቃል ገጽ ከፍታችሁ «ኢቲሞሎጂ» (Etymology)፣ ማለትም የቃሉ መነሻ የሚለውን ክፍል አንብቡ። ለእንግሊዝኛው ኤቲሞንላይን የሚባለው ድረ ገጽ አሪፍ ነው። አንዱ የሚለውን በሌላው ሳታጣሩ ግን አትጻፉ።

ያገኘሁት ይኼ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመበት ጎቲክ የሚባለው የጠፋ ቋንቋ «ሄርቶ» ይል ነበር። የጥንቱ እንግሊዝኛ «ሄኦርተ»። የጥንቱ አየርላንድኛ «ክሪዴ»፤ የዛሬው «ክሪ» ጅራቱን የጣለ ነው። የጥንቱ የስላቭ ቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ደግሞ «ድ»ን በግልጽ ይዟታል።

ላቲን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መዝገበ ቃላት ላይ «ኮር» ብቻ ታያላችሁ። «ድ» የት ሄደች? «የልብ» ለማለት ግን ላቲን «ኮርዲስ» ይላል። እውነተኛው ግንድ «ኮርድ» ነው፤ ቃሉ ብቻውን ሲቆም መጨረሻው ወድቆበታል። ላቲን ስትፈልጉ ሁልጊዜ ይኼን ሁለተኛ ቅርጽ እዩ። እኔ ለረጅም ጊዜ ይኼን ሳላውቅ ላቲንን ከጀርመንኛ ጋር ማገናኘት አቅቶኝ ነበር።

ቀጥሎ ቅጥያዎችን ንቀሉ። የስላቮቹ «ትሴ» የማሳነሻና የማቆላመጫ ቅጥያ ነው፤ እኛ «እናትዬ» ስንል እንደምንጨምረው «ዬ» ዓይነት። ቃል በቃል «ልብዬ» እያሉ ነው። ስፓኒሹ «ኮራሶን» ደግሞ በተቃራኒው ማግዘፊያ ጨምሯል። ቅጥያው ሲነሳ የሚቀረውን ጻፉ፦

ላቲን ኮርድ። ግሪክ ካርድ። አየርላንድ ክሪድ። ጎቲክ ሄርት። ሊትዌን ሺርድ። ስላቭ ስርድ። አርመን ሲርት።

አሁን ነገሩ ፊቱን ማሳየት ጀመረ። ሦስት ተነባቢ አለ። መሐል ላይ ሁሉም ዘንድ «ር» ናት። መጨረሻ ላይ «ድ» ወይም «ት»። መጀመሪያ ላይ «ክ»፣ «ህ»፣ «ስ» ወይም «ሽ»።

ዋናው ሥራ፦ ልዩነቱ ሥርዓት አለው?

እስካሁን ያየነው መመሳሰል ነው። ከላይ እንዳልኩት መመሳሰል አይበቃም። አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ላቲን «ክ» የሚልበት ቦታ ሁሉ ጀርመናዊው ወገን «ህ» ይላል ወይ?

እንሞክር። መቶ በላቲን ኬንቱም፣ በእንግሊዝኛ ሀንድረድ። ቀንድ በላቲን ኮርኑ፣ በእንግሊዝኛ ሆርን። ውሻ በላቲን ካኒስ፣ በጀርመንኛ ሁንት። ልብ ኮርድ፣ ሃርት። አራት ለአራት።

ሁለተኛው፤ «ድ» በ«ት»። ሁለት በላቲን ዱኦ፣ በእንግሊዝኛ ቱ። አሥር ዴኬም፣ ቴን። መብላት ኤዴሬ፣ ኢት። ልብ ኮርድ፣ ሃርት። ይኼም ሄደልን።

ይኼን ሥርዓት ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመው ሥራ አሳየ፤ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም ደግሞ በ1822 በሰፊው አስቀመጠው። አዎ፣ ከወንድሙ ጋር ተረት ይሰበስብ የነበረው ግሪም ነው። ሕጉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

«ክ» እንዴት «ህ» ትሆናለች የሚል ካለ የራሱን አፍ ይስማ። ግዕዝ «ኮነ» ይላል፣ አማርኛ «ሆነ»። ግዕዝ «ኩሉ»፣ አማርኛ «ሁሉ»። ግዕዝ «ክልኤቱ»፣ አማርኛ «ሁለት»። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ኮነ»፣ «ኩሉ»፣ «ክልተ» እያለ የጥንቱን ይዞታል። እኛ ዘንድ ለውጡ አንዳንድ ቃል ላይ ብቻ ነው የደረሰው፤ «ከተማ» «ሀተማ» አልሆነም። ጀርመናዊው ወገን ዘንድ ግን በዚህ ቦታ ላይ የነበረችውን «ክ» በጠቅላላ ጠራርጎ ወሰዳት። ምላስ የጉሮሮውን በር መዝጋቷን ትታ ትንሽ ክፍተት ስትተው ነው ነገሩ የሚጀምረው። «ክ» በሉ፤ ቀጥሎ ምላሳችሁን ሳታጣብቁ ያንኑ ለማለት ሞክሩ። ወደ «ኅ» ይሄድባችኋል።

ጀርመንኛ ከዚያ በኋላ ብቻውን አንድ እርምጃ ጨመረ። እንግሊዝኛና ሆላንድኛ «ት» የሚሉትን እሱ ብዙ ቦታ ላይ «ትስ» አደረገው። ቱ፣ ትስቫይ። ቴን፣ ትሴን። ጨው፤ ሶልት፣ ዛልትስ። ልብ፤ ሃርት፣ ሄርትስ። ለዚህ ነው «ሄርትስ» ከ«ካርዲያ» የራቀ የሚመስለው። ሁለት እርምጃ ተራምዷል፤ መጀመሪያ ከወገኖቹ ጋር፣ ቀጥሎ ብቻውን።

የምሥራቆቹ መንገድ ሌላ ነው። ባልቲክ፣ ስላቭና አርመንኛ ያችን የመጀመሪያዋን «ክ» ወደ «ስ» ወይም «ሽ» አዞሯት። መቶ፤ ላቲን ኬንቱም፣ ሊትዌንኛ ሺምታስ፣ ላትቪያኛ ሲምትስ፣ ሩሲያኛ ስቶ። ልብ፤ ኮርድ፣ ሺርዲስ፣ ሲርድስ፣ ስርድ። ሊትዌንኛ ሁለቱም ላይ «ሽ»፣ ላትቪያኛ ሁለቱም ላይ «ስ»። እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይመጣም።

እዚህ ላይ ከሁሉም ደስ የሚለኝን ልጨምር። «አሥር» የሚለውን ቃል ወስዳችሁ ሁለቱን ሕግ በአንድ ጊዜ ፈትኑበት፤ ምክንያቱም በውስጡ «ድ»ም «ክ»ም አለ። ግሪክኛ ዴካ፣ ላቲን ዴኬም፤ ሁለቱም እንዳለ ጠብቀዋል። ጎቲክ ታይሁን፤ «ድ» «ት» ሆነች፣ «ክ» «ህ» ሆነች። ሊትዌንኛ ዴሺምት፤ «ድ» ቆየች፣ «ክ» «ሽ» ሆነች። ሩሲያኛ ዴስያት፤ «ድ» ቆየች፣ «ክ» «ስ» ሆነች። አርመንኛ ታስን፤ «ድ» «ት» ሆነች፣ «ክ» «ስ» ሆነች። አሁን ተመልሳችሁ የልብን ዝርዝር እዩት። ሄርት፣ ሺርድ፣ ስርድ፣ ሲርት። እያንዳንዱ ቋንቋ በ«አሥር» ላይ ያደረገውን በ«ልብ» ላይም አድርጎታል። አርመንኛው «ሲርት» ለምን በ«ስ» ተጀምሮ በ«ት» እንዳለቀ ገባችሁ? ከሩሲያም ከጀርመንም አልተዋሰም። የራሱን ሕግ ነው የተከተለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ላቲንን በጥንቱ አነባበብ አንብቡ። የዛሬ ጣልያን መቶን «ቼንቶ»፣ ፈረንሳይ «ሳን» ይላሉ፤ በእነሱ ብትፈትኑ ሕጉ የፈረሰ ይመስላችኋል። እነዚያ ለውጦች ኋላ የመጡ ናቸው።

የጎደሉትን አትርሱ

ሦስት ቦታ ላይ ድርድሩ እንቢ ብሏል። ዌልስኛና ብረቶንኛ «ካሎን»፣ ሮማንያኛ «ኢኒማ»፣ አልባንኛ «ዜመር»። በግድ አታስገቧቸው። ከ«ኮርድ» ጋር ዘመድ አይደሉም። የሮማንያው ከላቲኑ «አኒማ»፣ ማለትም ነፍስ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ግን የዐረብኛውን «ሉብ» አስታውሱ። የጠፋ የመሰለ ቃል ሌላ ሥራ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ዌልስኛ ውስጥ ፈልጉ፤ «ክራይዝ» የሚል ቃል አለ፣ የነገር እምብርት፣ ዋና ፍሬ ነገር ማለት ነው። ብረቶንኛ «ክረይስ» ይላል፤ መካከል ማለት ነው። ሁለቱም ከአየርላንዱ «ክሪዴ» ጋር ወንድማማች ናቸው። ስላቮች ዘንድም እንዲሁ ነው። ረቡዕ በሩሲያኛ «ስሬዳ» ይባላል፤ የሳምንቱ መካከል ማለት ነው፣ ከልብ ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣ። ሀንጋሪዎች ደግሞ ቀኑን ከስላቮች ተውሰው ረቡዕን «ሴርዳ» ይላሉ። ዘመድ ባልሆነ ቋንቋ ውስጥ የተዋሰ የልብ ቁራጭ አለ ማለት ነው።

የተዋሱትን ለብቻ ጻፉ

አማርኛ «ልብ»ና «ቀልብ» እንዳለው እንግሊዝኛም «ሃርት»ን ወርሶ፣ ከግሪክ «ካርዲያክ»ን፣ በፈረንሳይ በኩል ደግሞ ድፍረት የሚለውን «ከሬጅ»ን ተውሷል። ፈረንሳዮች ድፍረትን ከልብ ማውጣታቸው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «ልበ ሙሉ» እንል የለ።

ከእነዚህ የተዋሱ ቃላት የተወሰኑት እኛም አፍ ላይ አሉ። ሯጭ «ሪከርድ ሰበረ» እንላለን። ከላቲኑ «ሬኮርዳሪ» የመጣ ነው፤ ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ ማለት። ከ1969 እስከ 2003 ይበር የነበረው «ኮንኮርድ» አውሮፕላን እንግሊዝና ፈረንሳይ አብረው የሠሩት ነው፤ ስሙ ስምምነት ማለት ነው፣ ሲፈታ «ልብ ከልብ ጋር»። አንድ ልብ መሆን ማለት ነው በእኛ።

አሁን ቦርሳችሁን ክፈቱና ክሬዲት ካርድ ካላችሁ አውጡ። ሁለት ቃል ነው። «ካርድ» በድምፁ ቁርጥ «ካርዲያ» ይመስላል። «ክሬዲት» ደግሞ ከልብ ጋር ምንም የሚያገናኘው አይመስልም። እውነቱ ግልብጥ ነው። «ካርድ» ከግሪኩ «ኻርቴስ»፣ ማለትም የፓፒረስ ቅጠል ወይም ወረቀት ከሚለው ቃል በላቲን በኩል የመጣ ነው፤ ልብ ውስጥ ቦታ የለውም። «ክሬዲት» ግን «ክሬዶ»፣ ማለትም «አምናለሁ» ከሚለው የላቲን ግስ ነው የወጣው። አብዛኞቹ የዘርፉ ምሁራን ይኼን ግስ ለሁለት ይከፍሉታል፤ «ልብ» እና «ማኖር»። ልብን አንድ ነገር ላይ ማኖር፣ መጣል። የጥንቱ አየርላንድኛም ሳንስክሪትም ማመንን የሚሉት በዚሁ አሠራር ነው። ስለዚህ ዘመዱ የሚመስለው ባዳ፣ ባዳ የሚመስለው ዘመድ ሆነ። መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው።

የምትወድቁባቸው ጉድጓዶች

ሀንጋሪኛ ልብን «ሲቭ» ይላል፣ ፊንላንድኛ «ሲዳን» ወደሚለው የሚጠጋ ቃል አለው። በ«ስ» ስለጀመሩ የሩሲያው ወንድሞች መስለውኝ ደብተሬ ላይ አገናኝቻቸው ነበር። ስህተት ነው። እነሱ በመካከላቸው ነው የሚዛመዱት። ቤተሰቡን አስቀድሞ መለየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የሆላንድኛ «ሄርት» ልብ አይደለም፤ አጋዘን ነው። የእንግሊዝኛም «ሃርት» ተብሎ የሚነበብ ግን በሌላ ፊደል የሚጻፍ ያረጀ ቃል አለ፣ እሱም አጋዘን ነው። ሥሩ ቀንድ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል። ሦስተኛውን ረድፍ አትዝለሉ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ሳንስክሪት ልብን «ህሪድ» ይላል። ከእንግሊዝኛው ጋር በ«ህ» ተገጣጠመ ብላችሁ አትደሰቱ። ሳንስክሪት ሕጉን ቢከተል ኖሮ እንደ ሊትዌንኛው በ«ሽ» ነበር የሚጀምረው። ዘመድ ነው፤ ግን «ህ» የመጣችው በሌላ በር ነው፣ መነሻ ድምፁም ከአውሮፓዎቹ ትንሽ ይለያል። በሕንድ ፊልም የምትሰሙት «ዲል» ደግሞ ከፋርስኛ የተዋሰ ነው፤ እሱም ከሳንስክሪቱ ጋር በቅርብ ይዛመዳል።

የላቲኑ «ኮርኑ» እና የግዕዙ «ቀርን»፣ ሁለቱም ቀንድ ናቸው። ዓይን ይስባል። ጥንት መዋዋስ ነበር ወይስ አጋጣሚ የሚለው ላይ ምሁራን ይከራከራሉ። አንድ ቃል ብቻውን ሁለት ቤተሰብ አያዛምድም፤ እንደ «አሥር»ና «መቶ» ያሉ ምስክሮች በሰልፍ መምጣት አለባቸው።

ውጤቱን መጻፍ

ገጹ መጨረሻ ላይ የጥንቱን ሥር ጻፉ፤ በግምት «ክየርድ»፣ መጀመሪያው ላይ ለስለስ ያለች «ክ» ያለችበት። ፊቱ ላይ ኮከብ ምልክት አድርጉ። ኮከቡ «ተጽፎ አላገኘነውም፣ ከልጆቹ መልክ ተነስተን የደረስንበት ነው» ማለት ነው። ያለ ኮከብ መጻፍ አንባቢን ማታለል ነው።

ይኼ ግምት ብቻ ነው እንዳትሉ። የዛሬዋ ቱርክ ምድር ላይ በሸክላ ጽላት ተጽፎ የተገኘ ሂታይት የሚባል ቋንቋ አለ። ቤድርዚህ ህሮዝኒ የተባለው የቼክ ምሁር ፈቶ ያነበበው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ ማለትም ግሪም ሕጉን ካስቀመጠ 90 ዓመት አልፎ። ልብ በሂታይት ግንዱ «ካርድ» ሆኖ ተገኘ። «ክ»፣ «ር»፣ «ድ»፤ ሦስቱም በቦታቸው።

ለቀጣይ ልምምድ «ሌሊት»ን ውሰዱ። ላቲን ኖክቴም፣ ጣልያንኛ ኖቴ፣ ጀርመንኛ ናኽት፣ ፈረንሳይኛ ንዊ። ሕጉ እንዲገለጥላችሁ «ስምንት»ን ከጎኑ አድርጉ፤ ኦክቶ፣ ኦቶ፣ አኽት፣ ዊት። የላቲኑ «ክት» በጣልያንኛ ጠብቆ «ት» ሲሆን ታያላችሁ። ሦስተኛ ምስክር ከፈለጋችሁ ካፌ ገብታችሁ ላቴ እዘዙ። ወተት በላቲን «ላክቴም» ነበር።